ጆሲ ጨለለቅቱ ምን ሊሠራ ሄደ

ጋሼ ወልደዮሐንስ በሥራ ቀን፣ ገና ፀሐይ ሳይወጣ በሬን ሲያንኳኩ፣ ከኋላቸው ሦስት ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመው አየሁ። ጋሼ የሰፈራችን እድር ዳኛ ናቸው። የእድር ዳኛ በዚያ ሰዓት ሰው ቤት የሚመጣው ለአንድ ነገር ብቻ ነው። ወደማስተምርበት ትምህርት ቤት ልወጣ ጫማዬን እያሰርኩ ነበር። አንዱን አስሬ፣ ሌላውን በእጄ እንደያዝኩ ተቀመጥኩ።

ታናሽ ወንድሜ ኢዮስያስ፣ ጆሲ የምንለው፣ ማታውን ከጨለለቅቱ ከተማ ወደ ዲላ ሲመለስ የተሳፈረበት ሞተር ተገልብጦ ነበር። ሆስፒታል አድርሰውታል፣ አልተረፈም። ጋሼ ወሬው ሌሊት ደርሷቸው፣ መርዶ በጨለማ አይነገርም ብለው እስኪነጋ ጠብቀው ነው የመጡት። ሴቶቹ ማልቀስ ጀመሩ። እኔ ግን ከለቅሶው በፊት ሌላ ነገር ከአፌ ወጣ።

«ጨለለቅቱ ምን ሊሠራ ሄደ?» አልኩ።

ጋሼ አያውቁም። ከሴቶቹ አንዷ ድንቅነሽ ነበረች፣ አጥር የምንጋራ ጎረቤቴ። ለቅሶዋን አቋርጣ አየችኝና «እኔም እሱን ነው የምጠይቀው» አለች፣ በቀስታ።

ጨለለቅቱ ዘመድ የለንም። ጆሲ እዚያ የሚሸጠውም የሚገዛውም አልነበረውም። ከመሄዱ በፊት በነበረው ማታ እራት ላይ ሳገኘው የት እንደሚሄድ አልነገረኝም። ነገ ሱቁን እንደማይከፍት ብቻ ነው የነገረኝ።

ወንድሜን የምታውቁት ካላችሁ የምታውቁት በሱቁ ነው። መናኸሪያው አጠገብ፣ ከጫማ ሰፊዎቹ ጀርባ፣ አንድ ሰው ተቀምጦ ሌላ አንድ ሰው ብቻ የሚቆምባት የቆርቆሮ ሱቅ ነበረችው። ስልክ ይጠግናል። እናትና አባታችን ካረፉ ወዲህ በግቢዬ የኋላ ክፍል ነበር የሚኖረው። አይጠጣም፣ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፣ ማታ ማታ ቆጮውን በጎመን በልቶ ወደ ክፍሉ ይገባል። ከዚያ በኋላ በግድግዳው በኩል ሲያወራ ይሰማኛል። የሚያወራው ከማይታዩ ሰዎች ጋር ነበር። ብዙ ጊዜ የሚናገረው ትንሽ ነው፣ አብዛኛውን ያዳምጣል።

ነገሩን አንድ ቀን አስረድቶኛል። ሰዎች በስልካቸው ወይም በኮምፒውተራቸው ወደ አንድ ሰፊ አገር ይገባሉ። ጌም ነው፣ ግን ብቻውን የሚጫወተው ሰው የለም። አንዱ ጋሻ ይዞ ፊት ይቆማል፣ አንዱ የቆሰለውን ያክማል፣ ሌላው ከሩቅ ይወጋል። ትልቁን አውሬ ለብቻው የሚጥል ስለሌለ ሰዎች ተቧድነው ማኅበር ያቋቁማሉ፣ ጊልድ ይሉታል። ጊልድ የሌለው ሰው እድር እንደሌለው ሰው ነው፤ ሲወድቅ የሚያነሳው አያገኝም። የውጭ አገር ጊልዶች ደግሞ የኛን ልጆች አይፈልጓቸውም። ቋንቋ አይግባቡም፤ መሀል ውጊያ ላይ ኔትወርክ ይቋረጥና ልጁ ከሜዳው ይጠፋል፤ ሁለተኛ ጊዜ ሲጠፋ ያባርሩታል።

ጆሲ እንግዲህ ያገናኝ ነበር። ጊልድ ያጣ ተጫዋች ይጽፍለታል፣ ሰው የጎደለው ጊልድም ይጽፍለታል። ከሐዋሳ፣ ከአዳማ፣ ከይርጋጨፌ፣ ከአዲስ አበባ ይጽፉለታል። እዚያ ውስጥ ስሙ ኢዮስያስም ጆሲም አልነበረም። ሶንጎ ነበር የሚሉት። ሶንጎ በኛ አገር ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ተቀምጠው የሰውን ጉዳይ የሚያዩበት ቦታ ነው። አባታችን ይህን ቢሰማ ለጨዋታ የሚሆን ስም ነው ወይ ብሎ ይቆጣው ነበር ብዬዋለሁ። ፈገግ አለ።

አሠራሩ የራሱ ነበር። መብራት በአንድ ጊዜ የሚጠፋባቸውን ሰዎች በአንድ ቡድን አይከትም። ዲላ ሲጨልም ሐዋሳ የሚበራ ከሆነ አንዱን ከዚህ አንዱን ከዚያ ያደርጋል፣ ቡድኑ በሙሉ አንድ ላይ እንዳይወድቅ። የቀይ ቡና ለቀማ ወራት ሲመጣ የይርጋጨፌ ልጆች እንደማይገኙ ያውቃል፣ ቀድሞ የሚተካቸው ይፈልጋል። ማን በየትኛው ጾም አምሽቶ እንደሚያስቀድስ፣ ማን እሁድ ከሰዓት መዘምራን ልምምድ እንዳለው ያውቃል። ጠባይም ያያል። አዲስ ሰው ሲደውልለት «አንዴ ቆየኝ» ብሎ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጥና የጀመረውን ጥገና ይጨርሳል። ተሳድቦ የዘጋውን መልሶ አይደውልለትም። ታግሶ የጠበቀውን ግን «አንተ ሐኪም ትሆናለህ» ይለዋል።

ለዚህ ሁሉ የሚቀበለው ነገር አልነበረም። ዲላ የደላላ ከተማ ናት፣ ቡና የሚያገናኝ አለ፣ ቤት የሚያገናኝ አለ፣ ሠራተኛ የሚያገናኝ አለ፣ ሁሉም ድርሻውን ይወስዳል። ጆሲ ባለመውሰዱ ሰው ያመሰገነው ይመስላችሁ ይሆናል። ኮሚሽን የማይበላ ደላላ ሌላ የሚበላው ነገር አለው ነው የተባለው። እኔም ባላምነው እንኳ ከጆሮዬ አልወጣም።

የድንቅነሽ ጥርጣሬ ግን ከዚህ የከበደ ነበር። አንድ ልጅ ነው ያላት፣ መልከጼዴቅ። አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ሥራ ሲያጣ የጆሲ ሱቅ ደጃፍ ላይ ይውል ነበር። ከዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ በፊት አንድ ጠዋት ተነስቶ ወደ ደቡብ አፍሪካ መንገድ ወጣ። አንድ ጊዜ ከማላዊ ደውሏል። ከዚያ ወዲህ ድምፁ የለም። ድንቅነሽ ልጇ ከሄደ በኋላ የሰማችውን ሁሉ መልሳ ማሰብ ጀመረች። ስልኳን ልታሠራ ቆማ ሳለ ጆሲ ለአንድ ሰው በስልክ «ቡድን ተገኝቶልሃል። ማክሰኞ ማታ ትገባለህ፣ የሚቀበልህ ሰው አለ» ሲል ሰምታለች። ልጅ ያልጠፋባት ሴት ይህን ሰምታ ታልፋለች። እሷ አላለፈችም። ቡድን፣ ማታ፣ ተቀባይ፤ ድንበር የሚያሻግሩ ደላሎች እንዲህ ነው የሚያወሩት ብላ ለሰፈሩ ተናገረች።

ያኔ ጠይቄው ነበር። «መልከጼዴቅን የላክሁት እኔ አይደለሁም» አለኝ። ዓይኑ ከያዘው ትንሽ መፍቻ ላይ አልተነሳም። የጠየቅሁትን ብቻ እንደመለሰ ልብ ብያለሁ። ሌላ ግን አልጠየቅሁትም።

ቀብሩ በደንብ ተፈጸመ። እድሩ ድንኳኑን ተከለ፣ ንፍሮው ተቀቀለ፣ ሰው በየተራ መጥቶ ተቀመጠ። በማግሥቱ የማናውቃቸው ሰዎች መምጣት ጀመሩ። አንድ ረጅም ልጅ ከአዳማ፣ ባልና ሚስት ከይርጋጨፌ፣ አንድ ጠና ያለ የባንክ ሠራተኛ ከአዲስ አበባ። አብረው አልመጡም፣ አብረውም አልተቀመጡም። ልቅሶ ቤት የመጣ እንግዳ የማን እንደሆነ ይጠየቃል፣ ደንብ ነው። ጋሼ ወልደዮሐንስ ረጅሙ ልጅ አጠገብ ተቀምጠው የሟች ምን እንደሆነ ጠየቁት። ጓደኛው ነኝ አለ። ከየት እንደሚያውቀው ጠየቁት።

«በድምፅ ነው የማውቀው፣ አባባ» አለ። «ፊቱን አይቼው አላውቅም።»

ጋሼ ከዚያ ወዲያ አልጠየቁም። ተነስተው ወደ ሌላው ወንበር ሄዱ።

ከሰዓት በኋላ አንዲት ወጣት ሴት ከሐዋሳ መጣች። ደጁ ላይ ቆማ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ስትል፣ ረጅሙ ልጅ ጥግ ላይ ከተቀመጠበት ሳህኑን እንደያዘ ብድግ አለ። «ሮሆቦት?» አላት። ዞር ብላ አየችው፣ ዓይኗ አላወቀውም። «እኔ ነኝ» ሲላት አቅፋው ማልቀስ ጀመረች። ባልና ሚስቱም ተነሱ፣ ባንከኛውም ተነሳ። አንዱ ይናገራል፣ ሌሎቹ ድምፁን ሰምተው ማንነቱን ያውቃሉ፣ ከዚያ ይተቃቀፋሉ። ጌሙ ውስጥ ለዓመታት አብረው ኖረው ያን ቀን ነው የተያዩት።

ለኛ ሰፈር ግን እንዲህ አልታየም። ከኋላዬ የተቀመጠች ሴት ለጎረቤቷ «ተዋውቀው ያልተዋወቁ ይመስላሉ፣ የሌባ ጠባይ ነው» ስትል ሰማሁ። ጎረቤቷ ደግሞ፣ ሌባ ቢሆኑማ ከሟች ቤት ምን እናገኛለን ብለው ይመጣሉ፣ የድስት ክዳን እንደሆነ የእድሩ ነው አለቻት።

በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ሊነሳ ሲል ድንቅነሽ ቆመች። ሰው ሁሉ ምስጋና ልታቀርብ መሰለው።

«ለጆሲ አልቅሻለሁ፣ እንደ ልጄ ነው ያየሁት» አለች። «አሁን ግን አንድ ነገር እጠይቃለሁ። እነዚህ እንግዶች እነማን ናቸው? ጨለለቅቱስ ማንን ሊወስድ ነው የሄደው? እንደኔ ልጅ የሰው ልጅ ሊወስድ ከሆነ እድሩ ይወቀው።»

«ድንቅነሽ፣ ድንኳን ውስጥ ክስ የለም» አሏት ጋሼ።

«ክስ አይደለም ጋሼ፣ ጥያቄ ነው። የሚመልስልኝ ካለ እቀመጣለሁ።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ወንድሜ ጥሎልኝ የሄደው ነገር ቢኖር ስሙ ነው፣ እሱም እዚያ ድንኳን ውስጥ በሰው ፊት ተንጠልጥሎ ቀረ። ድንቅነሽም መልስ ሳታገኝ ተቀመጠች።

ሮሆቦት ማታውን ከመመለሷ በፊት ጓዳ ገብታ ብርጭቆ አጠበችልኝ። የአንድ ጊልድ መሪ መሆኗን ያን ጊዜ ነው የነገረችኝ፣ የመድኃኒት ቤት ባለሙያ ናት። ጨለለቅቱ ምን እንዳለ ጠየቅኳት። ለሚ የሚባል ሰው ቡድን ጠይቆ እንደነበር፣ ጆሲ ሰው ሳያይ እንደማይሰጥ፣ ሊያየው ሄዶ ይሆናል አለችኝ። በድምፅ ብቻ አልነበረም ወይ የሚመርጠው አልኳት።

«በፊት ነው፣ ቲቸር። ካለፈው ዓመት ወዲህ በአውቶቡስ የሚደረስበት ከሆነ ራሱ ሄዶ ያያል፣ ሩቅ ከሆነም ዋስ ያስጠራል።»

ለምን እንደቀየረ ጠየቅኳት። የታጠበውን ብርጭቆ ደግማ አጠበችው። መኪና ያመልጠኛል ብላ ወጣች። ወንድሜን ባትወደው ኖሮ ያን ያህል መንገድ አትመጣም፣ ግን የደበቀችኝ ነገር አለ። ይህን እያሰብኩ ነው ያደርኩት።

በቀጣዩ ቅዳሜ ጨለለቅቱ ሄድኩ። በሚኒባስ ይርጋጨፌ፣ ከዚያ በሌላ መኪና። የወደቀበትን ቦታ ሹፌሩን ብጠይቅ ያሳየኝ ነበር፣ አልጠየቅሁም። ከተማዋ ስደርስ የቡና ማጠቢያው መንገድ ላይ ፍሬ የምትባል ሴት ሻይ ቤት ገብቼ ለሚን ጠየቅኩ። ሻይ ቤቱ ውስጥ የነበሩት ሰዎች ጨዋታቸውን አቆሙ።

ፍሬ ሻዬን አስቀምጣ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «አንቺ ደግሞ የማን ነሽ? ከዲላ አንድ ሰውዬ ሦስት ጊዜ መጥቶ ነበር። አሁን ሴት ተላከ።»

ያ ሰው ምን ምን እንደጠየቀ ጠየቅኳት። የለሚ አባት ማን ነው ብሎ ጠይቋል። ይጠጣል ወይ፣ ሲቆጣ ምን ያደርጋል፣ የጀመረውን ይጨርሳል ወይ፣ የሰው አደራ በልቶ ያውቃል ወይ፣ የሚመጣ የሚሄድ እንግዳ አለው ወይ። ሻይ እየጠጣ፣ ለሁሉም እየጋበዘ ነው የጠየቀው። ለሚን ራሱን ግን ጥሩልኝ አላለም።

እንዲህ ያለ ጥያቄ በኛ አገር ማን እንደሚጠይቅ ሁሉም ያውቃል። ሽማግሌ ሲላክ የልጅቷ ወገን ነው ለማጣራት እንዲህ የሚዞረው። ግማሹ ሻይ ቤት ያን ነበር ያመነው። ሌላው ግማሽ ደግሞ ወይ የመንግሥት ሰው ነው፣ ወይ ልጆች የሚያሻግር ደላላ ነው ብሎ ነበር። ፍሬ ግን «እኛማ ሠርግ እየጠበቅን ነው» ብላ ሳቀችና የለሚን እናት ቤት አሳየችኝ።

አሰገደች ይባላሉ። ደጃፋቸውን ጠርገው፣ አዲስ ምንጣፍ አንጥፈው አስቀመጡኝ። ፍሬ ከእኔ ቀድማ መልእክት ልካ ኖሯል። ቆጮ በቅቤ አቀረቡልኝ። ፊታቸው ግን አልተፈታም።

«ልጅቷ ስንት ዓመቷ ነው?» አሉኝ።

«የትኛዋ ልጅ፣ እማማ?»

«የምትሰጡን ነዋ። እኛ ሽማግሌ አልላክንም። ለሚ ነው ለእኔ ሳይነግር የላከ። አንድ ወር ሙሉ አኩርፌዋለሁ፣ እናት እያለው እንዴት ሰው በጎን ይልካል?»

ሰውየው ወንድሜ እንደነበር፣ ሴት ልጅ እንደሌለን፣ እሱም ከዚህ ሲመለስ እንደሞተ ነገርኳቸው። እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ከዚያ ተነስተው ቆጮውን ከፊቴ አነሱና፣ ለሐዘንተኛ እንዲህ አይቀርብም ብለው፣ ያለ ቅቤ ሌላ አመጡልኝ።

ለሚ ከማጠቢያው ተጠርቶ መጣ። ሃያ ስድስት ዓመት ገደማ ይሆነዋል፣ የቀይ ቡና ሚዛን ላይ ነው የሚሠራው። ሲገባ አልተቀመጠም፣ በሩ ላይ ቆሞ ነው ያዳመጠኝ። ጌሙንና ጊልዱን ሳነሳ ነው ፊቱ የተለወጠው። ከሦስት ወር በፊት ለሶንጎ ጽፎለት ነበር፣ ሶንጎም ደውሎ ጠብቅ ብሎታል። ሻይ ቤት ተቀምጦ ስለ እሱ የሚጠይቀው የዲላ ሰው ሶንጎ እንደሆነ ግን በሕልሙም አላሰበም። ስለ አንተ የሚጠይቅ ሰው አለ ሲሉት ፈርቶ በመጀመሪያው ጊዜ ቡሌ የምትኖር አክስቱ ጋ ሄዶ ሰነበተ። ሁለተኛውን ጊዜ ቤቱ ገብቶ ዘጋ። በሦስተኛው ጊዜ ሥራ ላይ ነበር።

«ያን ቀን አየሁት፣ ቲቸር» አለኝ። «እኔ ሚዛኑ በር ላይ ነበርኩ፣ እሱ ፊት ለፊት ሻይ ቤቱ ውስጥ። ከጠዋት ጀምሮ ተቀምጦ ጠበቀኝ። አልወጣሁም። ድምፁን ብሰማው አውቀው ነበር።»

ቢወጣና ቢገናኙ ኖሮ ጆሲ በጊዜ ይመለስ ነበር። እናቱ ወደ መሬት አዩ።

ልሄድ ስነሳ መንገድ ድረስ ሸኘኝ። መኪናው እስኪሞላ ቆመን ሳለ፣ ሶንጎ ስለ እሱ ምን እንዳለ ጠየቀኝ። ምንም አልነገረኝም አልኩት። «ሰው መጥፎ ነገር ነግሮብኝ ይሆን?» አለ፣ ወደ ሻይ ቤቱ እያየ። ከነዚያ ሰዎች ማን ምን ሊል እንደሚችል እያሰበ መሆኑ ገብቶኛል። እኔም እሱን እያየሁ እያሰብኩ ነበር። እውነቱን ነግሮኝ ይሆናል። አንድ ሰው ስለ እሱ ሲጠየቅ ሦስት ጊዜ የሚደበቀው ግን ምን ቢኖርበት ነው የሚልም ሐሳብ መጥቶብኛል። ጆሲ ቢሆን ምን ይል እንደነበር አላውቅም።

ዲላ ተመልሼ ጋሼ ወልደዮሐንስ ቤት ሄድኩ፣ ድንቅነሽንም አስጠሩልኝ። ያየሁትን ሁሉ ነገርኳቸው። ጋሼ ሽማግሌ ልኳል ተብሎ ስለተኮረፈው ልጅ ስነግራቸው መሳቅ ዳዳቸው፣ ሐዘኑን አስበው ያዙት።

«ለጨዋታ ነው ይህን ያህል የሚያጣራው? እኛ የእድር አባል ስንቀበል እንኳ ይህን አናጣራም» አሉ። አምነውኛል። በቀጣዩ የእድር ስብሰባ ለሰው እንደሚናገሩ፣ የሟች ስም እንዲህ እንደማይቀር ነገሩኝ።

ድንቅነሽ ግን አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም። እጇን ጉልበቷ ላይ አጣጥፋ ጠየቀችኝ።

«ከመቼ ወዲህ ነው እንዲህ የሚያጣራው?»

ካለፈው ዓመት ወዲህ እንደሆነ ነገርኳት።

«ልጄ ከሄደ በኋላ ነዋ» አለች። «በልጄ ጊዜስ? ያኔ አጣርቶ ነበር?»

ጋሼ ተው ሊሏት ነበር፣ ትተውት ወደ እኔ አዩ። አላውቅም አልኳት። ያን ጊዜ እውነቴን ነበር።

ማክሰኞ ከትምህርት ቤት መልስ ለሮሆቦት ደወልኩላት። እያዞርኩ አልጠየቅኳትም። መልከጼዴቅ የሚባል ልጅ ታውቂያለሽ ወይ አልኳት። ስልኩ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ድምፅ አልነበረም። ወንድሜ ሰው የሚፈትነው በዚህ ነበር፣ እኔም ሳልናገር ጠበቅኳት።

በመጨረሻ ነገረችኝ፤ መልከጼዴቅን እሷ ጊልድ ውስጥ ያስገባው ጆሲ ነው። ተሻለ የሚባል ሌላ ሰውም በዚያው ወር አስገብቷል፣ ከሆሳዕና በኩል ነው። ተሻለን ጆሲ በድምፅ ብቻ ነው የመረጠው። ስልክ ላይ ብዙ አስጠብቆታል፣ አንድ ክፉ ቃል አልወጣውም። እንደዚህ ያለ ትዕግሥተኛ አላየሁም ብሎ ለሮሆቦት ነግሯታል። ሁለቱ ጎን ለጎን ተሰልፈው ይጫወቱ ነበር፣ አንዱ ጋሻ፣ ሌላው ሐኪም። ከውጊያው በኋላ ሌሎቹ ሲወጡ እነሱ ቀርተው ያወራሉ። ተሻለ ወደ ደቡብ አፍሪካ ለመሄድ አብሮት የሚጓዝ ሰው ይፈልግ ነበር። መልከጼዴቅን በዚያ መንገድ አገኘው፣ ተቀጣጥረው ሞያሌ ላይ ተገናኙ። ሮሆቦት ያወቀችው ሁለቱም አንድ ቀን ከጊልዱ ሲጠፉ ነው።

ተሻለ ደላላ ነበር ወይስ እንደ መልከጼዴቅ ተስፋ የቆረጠ መንገደኛ፣ አታውቅም። እሱም አብሮ ስለሄደ ደላላ አይመስለኝም ትላለች። ጆሲ ግን ይህን አልተቀበለም። ያገናኘኋቸው እኔ ነኝ አለ። ከዚያ ወዲህ ነው ፊት ሳያይ፣ ጎረቤት ሳይጠይቅ ማንንም ለማንም የማይሰጠው። ሱቁን እየዘጋ ወናጎ፣ ይርጋጨፌ፣ ይርጋዓለም ይሄድ ነበር። እኔ ዕቃ ሊገዛ የሚሄድ ነበር የሚመስለኝ።

«ለእናቱ ልነግራት ነው ይለኝ ነበር» አለች ሮሆቦት። «ሁልጊዜ ልነግራት ነው ይላል። ዛሬ አጥሩ ጋ አየኋት ይለኛል፣ ከዚያ ስለ ሌላ ነገር ያወራል። ድንኳን ውስጥ ስትናገር እሷ እንደሆነች አውቄያለሁ። ለዚህ ነው ከጓዳሽ ቶሎ የወጣሁት፣ ቲቸር።»

ተሻለ ሆሳዕና እህት አለችው። ሮሆቦት የእህቱን ስልክ ቁጥር ላከችልኝ። ያች እህት ስለ ሁለቱ ትወቅ አትወቅ ሮሆቦትም አታውቅም፣ ደውላ አታውቅም። ቁጥሩ ስልኬ ውስጥ አለ።

ጋሼ ወልደዮሐንስ በእድሩ ስብሰባ እንዳሉት ተናገሩ። ጆሲ ሰው ሊወስድ ሳይሆን የሰው ጠባይ ሊያጣራ እንደሄደ፣ በዚህ ጉዳይ ከእንግዲህ ሐሜት እንዳይሰማ ነገሩ። ሰው ራሱን ነቀነቀ። ከስብሰባው ስንወጣ በድንኳኑ ቀን ሌባ ብላ የነበረችው ሴት እጄን ይዛ ወንድሜ ጨዋ ልጅ እንደነበር ነገረችኝ። የወንድሜ ስም ጸድቷል ማለት ነው፣ ግማሹን ብቻ በሚያውቁ ሰዎች ፊት።

ድንቅነሽ ስብሰባው ላይ ነበረች። አሁን ጠዋት ጠዋት በአጥሩ ላይ ሰላም ትለኛለች። ድሮ እንደምትለው ሳይሆን፣ የቀረውን ነገር እንደሚጠብቅ ሰው ቆም ብላ ነው የምታየኝ። ብነግራት የምትደውልለት ሰው ታገኛለች። ብነግራት የጠረጠረችው ትክክል ይሆናል፣ ባሰበችው መንገድ ባይሆንም።

ለሚ በየሳምንቱ መልእክት ይልክልኛል፣ እናቱ ኩርፊያቸውን አሁን እንደተዉ ጽፎልኛል። ሮሆቦት ደግሞ ለሚን ካየሽው አንድ ቃል በይ፣ በአንቺ ቃል እንቀበለዋለን ትላለች። ያየሁት አንድ ከሰዓት ነው፣ ለዚያውም በር ላይ ቆሞ። ለሮሆቦት እስካሁን መልስ አልሰጠኋትም። ለድንቅነሽም አልነገርኳትም።